ካሴ የሸመነው ፊኛ

አዲስ አበባ
ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአያ ካሴ፤ ወረታ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ እትዬ ደብሬስ? ልጅዎ ገላነሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ ብዕር አለማንሣቴ ጥፋት ነው፤ ቢቆጡ ይገባዎታል። «ሸማ ሠርቼ ያስተማርሁት ልጅ እጁ ተቆረጠ ወይ?» ብለው የጻፉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ።

ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ ላሉኝ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አሁን በእጄ ያለው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊኛ ሰማይ የወጡ አሜሪካኖች ታሪክ ነው። ፊኛ ስል የበሬውን ያስቡ፤ ልጆች ሳለን ለፋሲካ እየነፋን የምንጣላበትን። እነሱ ግን ከጨርቅ ሰፍተው ቤተ ክርስቲያን ያህል ያደርጉታል።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከብረት ፍቅፋቂና ከአሲድ የሚወጣ ቀላል አየር ይሞላበታል፤ እርስ በርስ ሲዋጉ የጠላትን ሰፈር ከላይ ያዩት በዚህ ነው። ሁለተኛው የድሃው ነው። ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ እሳት ያነድዳሉ፣ ጨርቁን በትኩሱ ጢስ ይነፉታል። በየገበያው እየዞሩ ይህን የሚያሳዩ ነበሩ፤ ሴቶችም ሳይቀሩ ይወጡበት ነበር። ገና ሳነበው እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ጨርቅና ጉድጓድ የርስዎ ነገር ነውና።

ስለ እጮኛዬ ስለ ጸሐይነሽ ቤተሰቦች ለጠየቁኝ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አባቷ ፊታውራሪ ናቸው። ስለ አባታችን ጠይቀውኝ ነበር፤ የሚገባውን መልሻለሁ። በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ አለምነህ

ወረታ
ነሐሴ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለምነህ። እንደምን ባጀህ? እኛ አለን። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኗል፤ ከብቱ ሁሉ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። የሽመና ጉድጓዴም ውኃ ሞላና ሥራ ፈታሁ። እንግዲህ ያንተን ደብዳቤ ከማንበብ ሌላ ምን አለኝ? አሥር ጊዜ አነበብሁት። አሜሪካኖችም ጉድጓድ ውስጥ የሚገቡ ከሆነ እንደኛ እንደ ሸማኔዎቹ እነሱንም ቁጢት በጣሽ እያሉ ይስደቧቸዋ!

ሰዉ እንዴት ይዟችኋል ብትለኝ፣ እንደ ድሮው ነው። በሠራንለት ጋቢ ተጀቡኖ ቡዳ ይለናል። ባለፈው የጎረቤታችን የእናኑ ልጅ ሆዱን ታመመና ገላነሽ በደጁ አልፋ ነበር ተባለ። ልጄን መንገድ ላይ ይዘው ከነጠላዋ ጫፍ ቀደዱና በእሳት አድርገው በሽተኛውን አጠኑት። ነጠላውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስሁት፤ ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ።

ከዚህ የከፋም አለ። አዲሱ የወረዳ ገዥ ቀኛዝማች ደሳለው የሸማኔው መንደር ከመንገድ ዳር ይነሣና ከረግረጉ ማዶ ይስፈር ብለዋል። ሠላሳ አንድ ቤት ነን። እዚያ ክረምት ከበጋ ውኃ ነው፤ ጉድጓድ ከሌለው ሸማኔ ደግሞ በሬ የሌለው ገበሬ ይሻላል።

አሁን የምነግርህን አትሳቅብኝ። የአቡጀዲ ቁራጭ እንደ ከረጢት ሰፋሁ። ለድር የምንቀባውን ሙቅ ቀባሁት፤ ቀዳዳው ሁሉ ተደፈነ። አድርቄ ከምድጃው ላይ ብይዘው ከእጄ አምልጦ ጣራ ነካ! ደብሬ የእግዜርን ስም ጠርታ አማተበች። ወሬው ቀኛዝማች ዘንድ ደረሰና አስጠሩኝ። ፊታቸው አደረግሁት። «ጥር ፳፩ ለአስተርእዮ ማርያም ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣል። የዚህን ታላቁን አውጥተህ ካኰራኸኝ መንደራችሁ አይነካም» አሉኝ። በሕዝብ ፊት ነው ያሉት።

እንግዲህ ያለኸኝ አንተ ነህ። ስፋቱ ምን ያህል ይሁን? ጨርቁንስ ከእሳት ምን ይጠብቀዋል? አንድ በአንድ ከመጽሐፉ እየቆጠርህ መልስልኝ።

ወንድምህ ካሴ

አዲስ አበባ
ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ካሴ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገርዎ!

ደብዳቤዎን ለቢሮ ጓደኞቼ አነበብሁላቸው፤ ማን እንደሆኑ ግን አልነገርኋቸውም። «ከባላገር የመጣ ጨዋታ ነው» አልኋቸው። ጣራ የነካው ላይ ስደርስ ተነሥተው አጨበጨቡ። አያ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስፋቱ ምን ያህል ይሁን ላሉኝ፣ አንድ ሰው ለማንሣት ከአፉ እስከ አናቱ ዐሥራ አምስት ክንድ ቢያንስ ነው፤ ሃያ ቢሆን ይሻላል። ጉድጓዱ አንድ ቦይ ይኑረው፤ በአንዱ ጫፍ እሳቱ፣ በሌላው ጫፍ የጨርቁ አፍ። ነበልባሉ እንዳይደርስበት፣ ትኩሱ ብቻ እንዲደርስ። እርጥብ ገለባ ይጨምሩበት።

ጨርቁን ከእሳት ምን ይጠብቀዋል ላሉኝ፣ ሸብ ነው። ቆዳ ፋቂዎች የሚይዙትን ነጭ ድንጋይ በውኃ አሟሙተው ጨርቁን ነክረው ያድርቁት፤ ፍንጣሪ ቢያርፍበት እንኳ ይጠቁራል እንጂ ቶሎ አይነድም። የተልባ ዘይት የሚቀቡም ነበሩ፤ እነዚያ ግን የቀላል አየሩ ፊኛ ያላቸው ናቸው፤ እሳት አጠገቡ አይደርስም። እዚያ ሸብ እንዳይቸግርዎ ከመርካቶ ገዝቼ በአውቶቡስ ልኬያለሁ፤ ሾፌሩ ማናዬ ይባላል፣ ከእጁ ይቀበሉት።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ፊላዴልፊያ በምትባል ከተማ ፊኛው አልነሣ ሲል የተሰበሰበው ሕዝብ ተቆጥቶ ጨርቁን ቦጫጨቀው፤ ቦታውንም አቃጠለው። ሕዝብ በየትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ቀድመው ባዶውን ሳይሞክሩ ለሰው አያሳዩ።

ወንድምዎ አለምነህ

ወረታ
ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለምነህ። ሸቡ ደርሶኛል፤ ማናዬ አንዲት ፍንካች አልጎደለበትም። እጅህ ይባረክ!

መንደሩ በሙሉ ይሠራል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ በየጉድጓዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ ይሸምናሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ከጣና ዳር ከወይጦዎቹ ደንገል አምጥቼ ቅርጫት አሠርቻለሁ፤ ታንኳቸውን የሚሠሩበት ነውና ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። ገላነሽ ትምህርት ቤት የተማረችውን ቁጥር አምጥታ ክንዱን ትለካልኛለች። ልጅቷ አንተን ነው የወጣች፤ አእምሮዋ ስለት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልህን ስማ። ከአዲስ አበባ የጋዜጣ ሰው መጥቶ ነበር። ፊኛውን ገና ሲሰፋ አየው። «ከወጣ ፎቶግራፉን አንሥቼ በፊት ገጽ አወጣዋለሁ፤ ካልወጣ ግን ወሬ የለኝም» አለኝ። ጥር ፳፩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ምን እንደምል አስቤአለሁ፤ «ይህን ያደረግነው የቀጥቃጩ የአለኸኝ ልጆች ነን፤ እኔ ሸማኔው ካሴና በሚኒስቴር የሚሠራው ወንድሜ አለምነህ» እላለሁ። አባታችን በሕይወቱ ስሙን በክፉ እንጂ በደግ ሲጠራ አልሰማም። አንድ ቀን ይጠራለት እንጂ!

አማቶችህንም ይዘህ ና። አልጋ አላቸው፣ ጠጅ አላቸው።

ወንድምህ ካሴ

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለአቶ ካሴ።

በችኮላ ስለምጽፍ ሰላምታውን ይለፉኝ። ስሜን በጋዜጣ እንዳያስጠሩ። የአባታችንንም ስም እንዳያስጠሩ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ነገሩን ይተዉት።

ለምን ላሉኝ እንደሆነ ልንገርዎ፤ መደበቁ አሁን አይረባም። የጸሐይነሽ አባት ዘሬን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረውኛል። አባቴ የፎገራ ባለርስት ነበሩ፣ በማይጨው ሞቱ ብያለሁ። ወንድም የለኝም ብያለሁ። ሰርጉ ሚያዝያ ነው። በዚህ ቤት ጋዜጣ ሳይነበብ ቁርስ አይቀርብም! «የቀጥቃጩ ልጅ አለምነህ» የሚል ጽሑፍ በፎቶግራፍ ታጅቦ ከመጣ እኔ ምን ቀረኝ? ልጅቱን አጣለሁ፤ በአባቷ እጅ ያገኘሁትን ሥራም አጣለሁ።

እርስዎ በሰማይ ቢወጡ ቢወርዱ ያው ሸማኔ ነዎት። እኔን ግን ይዘውኝ ይወርዳሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የደከሙልኝን በአንድ ቀን አያፍርሱት።

አለምነህ

ወረታ
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለምነህ። ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ሰላምታውን አላልፈውም።

ደብዳቤህን ለደብሬ አላነበብሁላትም። «ምን አለ?» ስትለኝ «ብርድ ይዞታል» አልኋት። አባታችን ማይጨው አልሞተም፤ አልጋው ላይ ነው የሞተ፣ እጁን እኔ ይዤው። የቀጠቀጠው ማረሻ ዛሬም የእናኑን ባል ማሳ ያርሳል። ወንድም የለኝም ማለትህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በሦስተኛውም ያው ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል ነበር፤ አንተ አመዱን ጠላኸው። እሺ፣ ይሁን። ከፍ ብለህ እንዳይህ የተመኘሁ እኔ አይደለሁም ወይ? ወጣትነትህም አለ፣ ፍቅርም አለ። አልፈርድብህም፤ ግን አሞኛል።

ስምህን እኔ አላነሣም፤ በእመቤቴ። የጋዜጣው ሰው ግን ቀድሞ ይዞታል። ገላነሽ ደብዳቤህን አሳይታው «አጎቴ ነው» ስትል ስምህንም መሥሪያ ቤትህንም በደብተሩ ጻፈ። ከወጣ ይጽፈዋል። ይህን ልደብቅህ አልችልም።

ልተወው ደግሞ አልችልም። ፊኛው ካልወጣ ሠላሳ አንድ ቤት ረግረግ ውስጥ ይገባል፤ የሠላሳ አንድ ቤት ልጅ በወባ ያልቃል። አንተ አንድ ነህ ብዬ አይደለም፤ ወንድሜ ነህ። ቢሆንም አንተ ብትጎዳ እኔ ቤት አለህ፤ እነዚህ ግን ሌላ ቤት የላቸውም።

ሙቁን ቀብቼ ጨርሻለሁ። ነገ ሸቡን አሟሙቼ ልነክረው ነው። የቀረኝ ነገር ካለ ንገረኝ።

ካሴ

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ አባቴም ለሆኑት ለአያ ካሴ።

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ደብዳቤ የጻፍሁት ሰክሬ ነው ቢባል ይቀላል፤ አልሰከርሁም፣ ፈርቼ ነው። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አለቀስሁ። ልክ ነዎት። ይቀጥሉ። ጋዜጣውም ይጻፍ። እኔ የሚሆነውን እሆናለሁ።

የቀረኝ ነገር ካለ ብለው ለጠየቁኝ፣ አዎን፣ አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል። ስለ ሸቡ የጻፍሁልዎ ስሕተት ነበር። መጽሐፉን እንደገና ሳነብ የሁለቱን ፊኛዎች ገጽ አምታትቼው አገኘሁ። ሸቡ የቀላል አየሩ ነው። በእሳት የሚነፋው የተልባ ዘይት ነው የሚቀባው፤ ሁለት ጊዜ፣ ከውስጥም ከውጭም። ዘይቱ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ትኩሱን ይይዛል፣ እሳትም አይበላውም። ሸቡን ነክረውት እንደሆነ በብዙ ውኃ ያጥቡት፤ ከዘይቱ ጋር አይስማማም።

እርጥቡን ግን በእሳት አይሞክሩት፤ እርጥብ ዘይት ይነዳል፣ ያስደነግጥዎታል። የሚደርቀው በሃያ ቀን ነው፤ እስከ በዓሉ ልክ ይደርሳል። ለመጀመሪያው ጊዜ ደግሞ ባዶውን ይስደዱት፤ ሰው አያውጡበት። ይህን አደራ እላለሁ።

ስለ ሰርጉ አያስቡ። እትዬ ደብሬን፣ ገላነሽንም ይሳሙልኝ።

ልጅዎም ወንድምዎም አለምነህ

ወረታ
ጥር ፱ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለምነህ። ይቅርታህን ሳነብ እንደ ሕፃን ዘለልሁ። ወንድሜ ተመለሰልኝ! አሁን ፊኛው ባይወጣም ግድ የለኝም ልል ነበር፤ ሠላሳ አንዱ ቤት ግን ይሰማኛልና ምላሴን ነከስሁ።

ስለ ዘይቱ እንዳልኸኝ አድርጌአለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ልቤ እንቢ አለኝ። ዘይትና እሳት? አልሁ። ከዚያ እንደገና፣ አንተ ማነህ ካሴ፣ መጽሐፉን የሚያነበው እሱ ነው አልሁ። ሸቡን ገላነሽና እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ጉማራ ወንዝ ወርደው አጠቡት። ተልባ ግን ዘንድሮ አልተገኘም፤ ሐሙሲትም አንበሳሜም ላክሁ፣ የለም። ኑግ ሞልቷል። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ በኑግ ቀባሁት።

ኑጉን ማን ወቀጠልኝ ብትል አታምነኝም። እናኑ! ያችው የልጄን ነጠላ የቀደደችው። ሙቀጫዋን ተሸክማ መጣችና «ካሴ፣ የወረታን ስም ልታስጠራ ነው አሉ» ብላ ተቀመጠች። ከኋላዋ አምስት የገበሬ ሚስቶች። ቤቴ ውስጥ እህል ቀመሱ፣ አለምነህ። ደብሬ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

አንድ ቁራጭ ሞክሬው ነበር፤ ነደደ። ነገር ግን እርጥቡ ይነዳል ብለኸኝ ስለነበር አልደነገጥሁም። ኑጉ ከተልባው ይልቅ መድረቁን እንቢ ብሏል፤ እስካሁን እጅ ላይ ይጣበቃል። እስከ በዓሉ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ።

ባዶውን ስደድ ስላልኸው፣ አልሆነልኝም። ቀኛዝማች «ሰው ካልያዘ ጢስ ነው፤ ጢስ ከየጎጆው ይወጣል» አሉ። እኔ ከበድሁበት። ገላነሽ እወጣለሁ አለች። መጽሐፉ ውስጥ ሴቶችም ይወጡ ነበር ያልኸውን በቃሏ ይዛዋለች። በአራት ገመድ እንይዛታለን፤ ከዋርካው ጫፍ አታልፍም። «የነጠላዬን ጫፍ የቀደዱት ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩኛል» ትላለች። እንዴት እንቢ ልበላት?

ካሴ

ቴሌግራም
አዲስ አበባ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፪

ለካሴ፤ ወረታ። ገላነሽ አትውጣ። ነፋስ አለ። አለምነህ።

ወረታ
መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለአቶ አለምነህ። የምጽፈው እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር የሻው ነኝ፤ ገላነሽን ያስተማርሁ። የአያ ካሴ እጆች ብዕር አይዙም። ቃሉ ግን የራሳቸው ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

ለወንድሜ ለአለምነህ። እንደምን ሰነበትህ? አንድም ቃል አለመላኬን እንደ ንቀት አትቁጠርብኝ። አርባዋን ከትናንት በስቲያ አወጣንላት። ካርባዋ በፊት አፌን መክፈት አልቻልሁም።

ቴሌግራምህ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ ማናዬ ከባሕር ዳር ይዞት በሃያ ማታ ገባ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ ወጥቼ ሜዳውን አየሁ፤ የዋርካው ቅጠል አልተነቃነቀም። ጢሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጠጅ ሳር ቆርጬ ወረወርሁ፣ እግሬ ሥር ወደቀ። ነፋስ ብቻ ከሆነ የፈራው፣ ነፋስ የለም አልሁ። ሌላ ነገር ብትለኝ ኖሮ በአባታችን አጥንት እምላለሁ፣ ቀኛዝማች ቢሰቅሉኝ አላወጣትም ነበር።

ወጣች። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፤ እናኑ እልል አለች። ከዚያ ከጉድጓዱ አንድ ፍንጣሪ ተከትሏት ወጣ። ስትወርድ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ያዝኋትም። ከዚህ ሌላ አትጠይቀኝ።

የጋዜጣው ሰው በዚያው ቀን ሄደ። ምንም አልጻፈም።

ሰዉ «ቡዳ ሰማይ ሊበላ ወጣ፣ እግዜር መለሰው» ይላል። ይህን ስንኝ ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጆች ይጫወቱበታል። በሦስተኛው ቀን መንደሩ ይነሣ ተባለ። ሠላሳ አንዱም ቤት አሁን ከረግረጉ ማዶ ነው። ማንም አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የከፋኝ።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሥላሴ ቀኖና ሊሰጡኝ ነው። «ከእግዚአብሔር የመጣ ከሆነ አርባ ቀን ትጾማለህ። የታዘዝኸውን ትተህ በራስህ እጅ ያደረግኸው ከሆነ ግን ሰባት ዓመት ከቁርባን ትለያለህ» ብለውኛል። ደብሬም አባቷ ቤት ሄዳለች። «የልጄን ሞት ያመጣው የኑጉ ዘይት ከሆነ ፊትህን አላይም፤ ካልሆነ እመለሳለሁ» አለችኝ። ሁለቱም ያንተን መልስ ይጠብቃሉ፤ መጽሐፉ አንተ ዘንድ ነውና።

ተልባ አልኸኝ፣ እኔ ኑግ ቀባሁ። ይደርቃል አልኸኝ፣ አልደረቀም። ተልባ ቢሆን ኖሮ ይነድ ነበር ወይስ አይነድም? መምህር የሻው የጥቅምቱንና የታኅሣሡን ደብዳቤህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ሸቡና ስለ ዘይቱ ያልኸውን ደጋግሞ አነበበ። ምነው ብለው «ወንድምዎን ይጠይቁ» አለኝ። ይኸው ጠየቅሁህ። የምትለውን አምናለሁ። ጥፋቱ ያንተም ቢሆን ንገረኝ፤ ሰው ይሳሳታል፣ ከልቤ ይቅር እልሃለሁ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ፤ ብቻዬን ነኝ።

ወንድምህ ካሴ

አዲስ አበባ
መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለአያ ካሴ።

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ነፍሷን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ለሐዘን ያልመጣሁት ሥራ ይዞኝ ነው፤ ይህን እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። እዚህ ከል መልበስም አልቻልሁም፤ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። በልቤ ለብሻለሁ።

ሰርጉ እንደተባለው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። የጸሐይነሽ አባት ወጪውን በሙሉ ችለዋል፤ ዘመድ የሌለኝ መሆኔ አሳዝኗቸው እንደ ልጃቸው አድርገውኛል። እርስዎ በሐዘን ላይ ስለሆኑ አልጠራዎትም።

የጻፍሁልዎትን ደብዳቤዎች ሁሉ፣ የጥቅምቱንም የታኅሣሡንም፣ በማናዬ እጅ ይላኩልኝ። ለትርጉሜ ሥራ ያስፈልጉኛል። መምህር የሻው ያስቀረው እንዳይኖር። ለእጅዎ መድኃኒት አብሬ ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ይቀቡት። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ቢነከሩም ይበጃል ይላሉ።

ለጠየቁኝ መልሱን ለማዘግየት አልፈልግም፤ አባ ወልደ ሥላሴም እትዬ ደብሬም እየጠበቁ ነው። መጽሐፉን ዛሬ ጠዋት እንደገና ገልጬ በደንብ አየሁት። የሚጎዳዎት ቢሆንም እውነቱን ንገረኝ ብለውኛልና እነግርዎታለሁ።

ተልባ ቢሆን ኖሮ አይነድም ነበር።

ታናሽ ወንድምዎ አለምነህ